ጥቆማ፦ ከሥራ ሳይወጡ ለመማር የትኛው ይሻላል? (ለአዋላጆች፣ ለነርሶችና ለጤና መኮንኖች)

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብኛል። "የሙያ ፈቃዴን ላድስ ነው፣ ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና) ኦንላይን የት ልውሰድ?" የሚል። ይገባኛል። ከወረዳ ወጥቶ የአምስት ቀን የሆቴል ሥልጠና ለመከታተል ተረኛ የሚተካ ሰው የለም። የማውቃቸውን ላወዳድርላችሁ።

እኔ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። ስልኩን ከዘጋችሁ በኋላ እጃችሁ ምን ይሠራል? መመሪያ በስልክ ይነበባል። አምቡ ባግ (ላልተነፈሰ ሰው በማስክ አየር የሚሰጥበትን የእጅ ፊኛ) መጭመቅ ግን በስልክ አይለመድም።

ለማዋለጃ ክፍል አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ሴፍ ዴሊቨሪ አፕን እመርጣለሁ። የዴንማርኩ ማተርኒቲ ፋውንዴሽን ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያዘጋጀው ነው። ነፃ ነው። አማርኛና አፋን ኦሮሞ አለው፣ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ቪዲዮዎቹ አጫጭር ካርቱኖች ናቸው። የእንግዴ ልጅ አልወጣ ሲል እጅ በየት ገብቶ የቱን እንደሚይዝ ከውስጥ ያሳያችኋል። ይህን ካሜራ አይቀርጸውም። የተፈተነውም እዚሁ፣ ምዕራብ ወለጋ ነው። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አፑ የነበራቸው ባለሙያዎች አዲስ የተወለደ ሕፃን በማስተንፈስ ከሌሎቹ በልጠዋል፣ ብልጫው ከ12 ወር በኋላም አልጠፋም። የሕፃናትን ሞት ቀንሷል ለማለት ግን ቁጥሩ አልበቃም። ጉዳዩ የገባቸው ሰዎች "ተአምር ነው" ሲሉ አትሰሟቸውም።

አፑን ብቻውን አትጠቀሙበት። ከሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ ጋር አጣምሩት። ይህ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2010 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ሥልጠና ነው። ዋናው ነገሩ ያልተነፈሰ ሕፃን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ አየር ማግኘት አለበት የሚለው ነው። መለማመጃው ኒዮናታሊ የምትባል አሻንጉሊት ናት። ውሃ ሲሞላባት እንደ ሕፃን ትከብዳለች። ማስኩ በደንብ ካልገጠመ ደረቷ ንቅንቅ አይልም፣ ስለዚህ ማስመሰል የለም። ጤና ጣቢያችሁ ካለችው ስቶር ውስጥ አትቆለፍ። ማዋለጃ ክፍል ጥግ ላይ አስቀምጧትና በርክክብ ሰዓት አሥር አሥር ደቂቃ ተለማመዱ። በዓመት አንዴ ከሚሰጥ ረጅም ሥልጠና ይህ ይሻላል፣ በዚህ አልደራደርም።

ለፈቃድ እድሳት የሚቆጠረው የሲፒዲ ነጥብ ከሆነ የቸገራችሁ፣ መጀመሪያ የጤና ሚኒስቴርን የኢ-ለርኒንግ ገጽ እዩ። አገር ውስጥ ባለው መመሪያ የተዘጋጀ ስለሆነ የምታነቡትና ዋርድ ላይ የምትሠሩት አይጋጭም። ኔትወርክ ሲያስቸግር የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ፋይሎቹን አውርዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮርሶችም ጥሩ ናቸው። ድሮ ኦፕን ደብሊው ኤች ኦ ላይ የነበሩት አሁን ወደ ደብሊው ኤች ኦ አካዳሚ ሄደዋል። ለኢንፌክሽን መከላከልና ለወረርሽኝ እነሱን እመክራለሁ። ሰርተፍኬቱ ለፈቃድ እድሳት ይቆጠር እንደሆነ ግን ቀድማችሁ የክልላችሁን ጤና ቢሮ ጠይቁ።

ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሂት አለ። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከጤና ሚኒስቴርና ከአጋሮቹ ጋር ወደ ሌቭል 4 የሙያ ደረጃ ለማሻሻያ ያዘጋጃቸው 13 ሞጁሎች ናቸው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። እንግሊዝኛ ናቸው፣ ግን ምሳሌዎቹ የእኛው ናቸው። ዕድሜ ስላላቸው የመድኃኒት መጠንና የክትባት መርሐ ግብር ከአዲሱ መመሪያ ጋር አመሳክሩ።

አንድ ጤና መኮንን "ከንባብ ይልቅ የሚያማክረኝ ስፔሻሊስት ነው የምፈልገው" ብሎኛል። ወንድሜ፣ ያንተ መልስ ኤኮ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ላይ ሳንጂቭ አሮራ የሚባሉ የጉበት ሐኪም የጀመሩት ነው። የሄፓታይተስ ሲ ታካሚዎቻቸው ወረፋ ስምንት ወር ደርሶ ነበር። በቪዲዮ ስብሰባ የገጠር ባለሙያ የራሱን ታካሚ ጉዳይ ያቀርባል፣ ከስፔሻሊስቶቹ ጋር አብረው ይወያዩበታል። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶ፣ በኤኮ እየታገዙ ባሉ ባለሙያዎች ገጠርና እስር ቤት ከታከሙት 58.2 በመቶ ድነዋል። አሠራሩ ወደ እኛም አገር ገብቷል። ሆስፒታላችሁ የተመደበለት ሰዓት እንዳለው ሜዲካል ዳይሬክተሩን ጠይቁ። ስትገቡ ግን ኬስ ይዛችሁ ግቡ፣ አድማጭ ብቻ ሆኖ መቀመጥ እንቅልፍ ነው የሚያመጣው።

የማልመክረው? ቴሌግራም ላይ "ፈተናውን እኛ እንሠራለን፣ ሰርተፍኬት በ24 ሰዓት" የሚሉትን። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለአንዱ ከፍላ የላኩላት ወረቀት እድሳት ላይ ውድቅ ሆኖባታል። ገንዘቡም አልተመለሰም። ከመክፈላችሁ በፊት አሠልጣኙ የሲፒዲ እውቅና እንዳለውና ኮርሱ ስንት ነጥብ እንደሚይዝ አረጋግጡ። "ተግባሩን የት ነው የምለማመደው?" ብላችሁም ጠይቁ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይጠፋሉ።

ለላብራቶሪና ለፋርማሲ ባለሙያዎች የሚሆን የሞከራችሁት ካለ ከታች ጻፉልኝ። ጠያቂዎቹ ብዙ ናቸው፣ እኔ ደግሞ በእነሱ ሙያ እጄ አጭር ነው።