ለሦስት ቅርንጫፍ የሚሠራ ፕሮግራም ሴቲንጉ የት ይቀመጥ?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ የእህል ነጋዴ የመጋዘን ፕሮግራም በፓይተን እየሠራሁ ነው። ቅርንጫፎቹ ማርቆስ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ናቸው። የዳታቤዙ ፓስዎርድ፣ ዲጂታል ሚዛኑ የሚሰካበት ፖርት፣ የጤፍና የበቆሎ ዋጋ በኩንታል፣ ሁሉም ኮዱ ውስጥ ተበትኖ ነው ያለው። አሁን የቡሬው ሚዛን ፖርቱ ተቀየረ፤ ለዚህ ብዬ ኮድ መነካካት አልፈልግም፣ ለየቅርንጫፉ የተለያየ ኮድ መያዝማ ጭራሽ። ሁሉንም ጄሰን (JSON) በሚባለው አጻጻፍ አንድ ፋይል ላይ ብሰበስበው ይበቃል?

ጣና ዳር፦
አይበቃም ወንድሜ። መጀመሪያ ማን ይቀይረዋል፣ በየስንት ጊዜው ብለህ ለየው። የጤፍ ዋጋ ኮንፊግ (የፕሮግራሙ ሴቲንግ) አይደለም። ገበያ በዋለ ቁጥር የሚለዋወጥ ነገር ስለሆነ ከነቀኑ ዳታቤዝ ውስጥ ይግባ፣ አለዚያ የኅዳርን ደረሰኝ ግንቦት ላይ መልሰህ ስታወጣው በአዲሱ ዋጋ ያሰላልሃል። ነጋዴውም ራሱ ከስክሪኑ ላይ ይቀይረው፤ ለዋጋ ብሎ አንተ ጋ ለምን ይደውላል? ፖርትና የቅርንጫፍ ስም ግን ፋይል ላይ ይሁኑ። ለዚያም ቶምል (TOML) የሚባለው የሴቲንግ አጻጻፍ ይሻልሃል፤ ጄሰን ኮሜንት፣ ማለትም ለሰው የሚጻፍ ማስታወሻ፣ አይቀበልም። የቶምል ማንበቢያው ከፓይተን 3.11 ጀምሮ አብሮ ይመጣል።

ከዳንግላ፦
ፓስዎርዱን ከፋይሉም አውጣው፣ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል፣ ማለትም ከኮዱ ውጭ ኮምፒውተሩ ለፕሮግራሙ በሚያቀብለው ሴቲንግ፣ ስጠው። ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢው) ላይ አንዴ ከገባ ኋላ ብታጠፋውም ታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ አሁን ኮዱ ላይ ያለውን ፓስዎርድ ሳትውል ሳታድር ቀይረው። ደግሞ ልብ በል፣ ከኢንቫይሮመንት የሚመጣ ሁሉ ጽሑፍ ነው። ፎልስ (False፣ ሐሰት) ብለህ ብታስቀምጥ፣ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ስለሆነ ፓይተን በኢፍ (if) ሲፈትነው ትሩ (True፣ እውነት) አድርጎ ነው የሚያየው። ጽሑፉን ወደ ትክክለኛው ዓይነት ራስህ ለውጠው።

የማርቆስ ልጅ፦
የዋጋው ነገር በደንብ ገባኝ። ፖርቱ ፋይሉም ላይ ኢንቫይሮመንቱም ላይ ካለ ግን የቱ ይጸናል?

ጣና ዳር፦
የምትወስነው አንተ ነህ። የተለመደው፣ ኮዱ ውስጥ ያለውን ዲፎልት (ሌላ ካልተሰጠ የሚሠራውን) ፋይሉ ይሽረዋል፣ ፋይሉን ኢንቫይሮመንቱ፣ ሁሉንም ደግሞ ፕሮግራሙን ስታስነሳ በትእዛዝ መስመር የሰጠኸው። ይህን ቅደም ተከተል አንድ ሞጁል (የኮድ ፋይል) ውስጥ ብቻ ጻፈው፣ ሌላው ኮድ ከዚያ ይውሰድ። ሲነሳም ሁሉንም ይፈትሽ፤ የጎደለ ካለ የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ይቁም። ገበሬው ጆንያውን ሚዛን ላይ ከጫነ በኋላ ከሚቆም ጠዋት መጋዘኑ ሲከፈት ቢቆም በስንት ጣዕሙ! ለፓስዎርድ ግን ዲፎልት የሚባል ነገር አትስጥ።