ፐርሺያን ወይስ ሳያሚዝ ድመት? ሱሉልታ ላለ ቤት ጥቆማ እፈልጋለሁ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ ነው የምንኖረው። ግቢ አለን፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እናቴም አብራን ናት። ድመት ልናሳድግ ወስነን ሁለት ዝርያ ላይ ተከፋፈልን። ትልቋ ልጄ የድመቷን ፀጉር አይታ ፐርሺያን ካልሆነ ትላለች። ባለቤቴ የሳያሚዝ ሰማያዊ ዓይን ማርኮታል። እኔና እሱ ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። ያሳደጋችሁ፣ የቱ ይሻላል? ጥሩ ሻጭ የምታውቁም ጠቁሙኝ።

የጣፎ ልጅ፦
ፐርሺያን ይቅርብሽ እህቴ። በየቀኑ ማበጠር አለብሽ። ትንሽ ቀን ከዘለልሽ ብብቷ ስርና ሆዷ ላይ ያለው ፀጉር ይቋጠራል፣ ከዚያ በመቀስ ካልሆነ አይለቅም። ፊቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ዓይኗ ሁሌ ያነባል፣ እሱንም መጥረግ ነው። እኛ ቤት አለች፣ በጣም እንወዳታለን፣ ግን ሥራ ናት።

አያት ዞን፦
ከመግዛትሽ በፊት የእኔን ስሚ። አንድ ሻጭ ፐርሺያን ብሎ ሸጠልኝ፣ የወር ደሞዜ ነው የሄደው። እቤት በገባች በሳምንቷ መብላት አቆመች፣ ከዚያ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ሞተች። የሁለት ወር ናት፣ ክትባቷን ጨርሳለች ብሎኝ ነበር። ወረቀቱን ስጠኝ ስለው ነገ ነገ እያለ ከረመ። ሞተችብኝ ብዬ ስደውል ስልኩን ዘጋው። ልጄ እስከ ዛሬ ስሟን ይጠራል። እነዚህን ሰዎች አትመኑ!

ቡራዩ ኬላ፦
ማነው? ስሙን ጻፊልን እንጂ ሌላውም እንዳይበላ።

አያት ዞን፦
ስም እዚህ አልጽፍም። ግን የክትባት ወረቀት ሳታዩ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍሉ።

ቡልቡላ፦
ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዩ። እኔ የምገዛበት ልጅ ጨዋ ነው፣ ሁለት ፐርሺያን ወስጃለሁ። አንዷ ሞታብኛለች፣ ግን እሱ ምን ያድርግ? ደውሎ አጽናንቶኛል። ከእሱ ሌላ ጋ አልሄድም።

አያት ዞን፦
ሞታብኛለች እያልክ ነው የምትጠቁመው?

ሰንዳፋ፦
ለፎቶ ከሆነ የግድግዳ ሥዕል ግዙላት፣ አይበላም አይታመምም። ሱሉልታ ማታ ጅብ ይጮሃል፣ የሰፈር ውሻ አለ፣ እናንተ ስለ ፀጉር ታወራላችሁ። ለአይጥ ከሆነ የሀበሻ ድመት የመሰለ የለም፣ ያውም በነፃ።

የጣፎ ልጅ፦
ሴትየዋ ስለ አይጥ መች ጠየቀች?

ጠያቂዋ፦
እውነት ለመናገር አይጥም አለ፣ እናቴ ጎተራ አላት። ጎረቤት መርዝ እያደረገ ነው።

ቢሾፍቱ ተማሪ፦
እንደዚያ ከሆነ ድመቷ ከግቢ ባትወጣ ይሻላል። መርዝ የበላ አይጥ ከበላች እሷም ልትመረዝ ትችላለች፣ የየትኛውም ዝርያ ብትሆን።

የእንስሳት ሕክምና ነው የምማረው፣ ስለዚህ ትንሽ ልርዘም። አያት ዞን፣ የነገርሽን የድመት ፓንሉኮፔኒያ ይመስላል። ግልገል ላይ በጣም ገዳይ ቫይረስ ነው። ደግሞ እቤት ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ያልተከተበች ድመት እንዳታስገቢ፣ ወለሉንም በተበጠበጠ በረኪና እጠቢው። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ከ12 ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ የሁለት ወር ግልገል ክትባት ጨርሳለች ያለሽ ሰው ዋሽቶሻል።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ሳያሚዝ ፀጉሯ አያስቸግርም፣ ግን ወሬኛ ናት፣ ብቸኝነት አትችልም። እናትሽ ቀን እቤት ከዋሉ ትስማማችኋለች። የሱሉልታ ብርድ ላይ ቀለሟ ጠቆር ቢል አትደንግጪ፣ ሰውነቷ ሲቀዘቅዝ ፀጉሯ ይጠቁራል፣ ተፈጥሮዋ ነው። ፐርሺያን ረጋ ያለች ናት፣ ለልጅም ለአረጋውያንም ትመቻለች። ግን በዘር የሚወርድ የኩላሊት በሽታ ሊኖርባቸው ይችላል፣ የወላጆቿ ኩላሊት በአልትራሳውንድ ታይቶ እንደሆነ ጠይቂ። የሚያበጥራት ሰው ከሌለ ግን አትውሰጃት፣ ቋጠሮው ቆዳዋን ስለሚጎትተው ያማታል።

ኮዬ ፈጬ፦
የእኔ ሽሮ ወጥ ነው የምትበላው፣ ምንም አልሆነች።

ቢሾፍቱ ተማሪ፦
እባክሽ ተይ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመት ደም ይጎዳል። ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሥጋ ጨምሪላት፣ ድመት ያለ ሥጋ ዓይኗም ልቧም ይታመማል።

ኮዬ ፈጬ፦
ወይኔ፣ አላወቅኩም። ወተትስ?

ቢሾፍቱ ተማሪ፦
አብዛኞቹን ትልልቅ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። ውሃ ይበቃታል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። እናቴ ማበጠሩን እኔ እችላለሁ ብላለች፣ ባለቤቴ ግን አሁንም በሳያሚዝ እንደጸና ነው።

አያት ዞን፦
የቱንም ውሰዱ፣ ወረቀቱን እዩ!

የጣፎ ልጅ፦
ታዲያ የቱን ወሰዳችሁ?

ቡልቡላ፦
እህቴ፣ የልጁን ስልክ በውስጥ ልላክልሽ?