ለስላሳ ብረት አግዬ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ሞረድ ግን አሁንም ይበላዋል

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከተራ ለስላሳ ብረት ሁለት ነገር ሠራሁ። አንዱ ሁለት መንጋጋና ሁለት ብሎን ያለው ትንሽ መቆንጠጫ ነው፤ ሌላው ብረት ከመብሳቴ በፊት ነጥብ የምመታበት ሹል። ሁለቱንም ፍም እስኪመስሉ አግዬ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨመርኳቸው። ሞረድ ሳስኬድባቸው እንደ ድሮው ይበላቸዋል፤ ሹሉማ በሦስተኛው መዶሻ ጫፉ ተደፈጠጠ። ሙቀቱ አንሶ ነው ወይስ ውሃው ነው ችግሩ?

አንጥረኛው፦ ሁለቱም አይደሉም ወንድሜ፣ ብረቱ ነው። ብረት ግሎ ሲነከር የሚጠነክረው በያዘው ካርቦን ልክ ነው። ተራ ለስላሳ ብረት ያለው 0.2 በመቶ ገደማ ነው፤ ሞረድ እንዲንሸራተትበት ቆዳው፣ ማለትም የላይኛው ስስ ክፍሉ፣ ወደ 0.8 በመቶ መድረስ አለበት። ስለዚህ ካርቦኑን አንተ ታበላዋለህ።

ለሹሉ ግን አትድከም። ቆዳው ብቻ የጠነከረ ሹል ጥቂት ጊዜ ስትስለው ቆዳው ያልቅና ለስላሳው ይወጣል። ከአሮጌ ሞረድ ሥራው። መጀመሪያ ሞረዱን የሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ ላይ አስነካው፦ ብልጭታው ከድንጋዩ አጠገብ ጀምሮ እንደ ቁጥቋጦ ከፈነዳ ካርቦን አለው፤ ረጅምና ቀጭን መስመር ብቻ ከሆነ ያው ለስላሳ ነው።

ባለ እቶኑ፦ መንጋጋዎቹ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ናቸው፤ ላያቸው ይጠነክራል፣ ልባቸው ሳይሰበር ይችላል። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ክዳን ያለው የብረት ሳጥን (ዚንክ የተቀባ እንዳይሆን፣ ጭሱ ያሳምማል)፣ ከጥፍር ያነሰ ተደርጎ የተሰበረ የእንጨት ከሰል፣ በ10 እጅ ከሰል 1 እጅ ሶዲየም ካርቦኔት (ማጠቢያ ሶዳ)። ዕቃዎቹ እርስ በርስም ከሳጥኑ ግድግዳም አይነካኩ፤ በየመሀሉ 2 ሳንቲሜትር ከሰል ይኑር። ክዳኑን በሸክላ ጭቃ ለስነህ አድርቀው። ካርቦኑ ብረቱ ውስጥ የሚገባው ከከሰሉ በሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በኩል ስለሆነ አየር ከገባ ልፋትህ ከንቱ ነው።

ከ900 እስከ 930 ዲግሪ አቆየው። ማግኔት የጋለ ብረትን 770 ዲግሪ ላይ መሳብ ስለሚያቆም እሱን ብቻ አትመን፤ ቀለሙ ወደ ብርቱካንማ ይሂድ። 1 ሰዓት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል፣ 4 ሰዓት 1 ሚሊሜትር ያህል ካርቦን የበላ ቆዳ ይሰጥሃል። ሰዓቱን እሳቱን ከለኮስክበት ሳይሆን የሳጥኑ ውስጥ ከጋለ በኋላ ቁጠር።

አንድ ዘዴ ልንገርህ፦ በክዳኑ ቀዳዳ ከዚያው ብረት ሁለት ሦስት ቀጭን ዘንግ አስገባ። አንዱን መዝዘህ ነክረህ ስበረው። በጠርዙ ዙሪያ ደቃቅ ግራጫ ቀለበት፣ መሀሉ ሸካራ ከሆነ ጥልቀቱን በዓይንህ ታየዋለህ።

አንጥረኛው፦ ከሳጥኑ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይጨምራሉ አንዳንዶች። እኔ ሳጥኑ ውስጥ ይቀዝቅዝ እላለሁ፤ ረጅም ሰዓት ሲግል የብረቱ የውስጥ ቅንጣት ይሻክራል። ከዚያ እስከ 780 ወይም 800 ድረስ ብቻ እንደገና አግለህ ንከረው፤ እዚህ ላይ ማግኔቱ ይጠቅምሃል። ወዲያው ከ150 እስከ 200 ዲግሪ 1 ሰዓት አሙቀው፣ አለዚያ ጠርዙ ይሸረፋል።

ዝምተኛው፦ የብሎኑን ቀዳዳዎች ከማሸጉ በፊት በሸክላ ድፈናቸው፤ የጠነከረ ጥርስ ይሰበራል። ደግሞ ሁሉንም ከቤት ውጭ አድርጉት፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ሳያናይድ ያለበትን ዱቄት የሚመክራችሁን ደግሞ አትስሙ።

ጀማሪው፦ ሠራሁት! 3 ሰዓት። በአንዱ መንጋጋ ላይ ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ተንሸራተተ። ሌላው ግን ከክዳኑ በኩል የነበረው ፊቱ ጥፍር የሚያህል ለስላሳ ቦታ አለው፣ ትንሽም ተጣሟል።

ባለ እቶኑ፦ ክዳኑ ላይ ጭቃው ተሰንጥቆ ነበር?

ጀማሪው፦ አዎ፣ በእሳቱ ዳር ስላደረቅሁት ተሰንጥቆ ነበር። ቸኩዬ ነው።

ባለ እቶኑ፦ ከዚያ አየር ገብቷል። በአዲስ ከሰል እንደገና አሽገው፣ ይስተካከላል። ጭቃውን ጥላ ውስጥ አድርቀው፣ ትንሽ አሸዋ ጨምርበት። ስትነክረው በቁሙ አግባውና አንቀሳቅሰው፤ ዝም ካልከው የእንፋሎት አረፋ ይለጠፍበታልና እዚያ ይለሰልሳል። መጣመሙን በድንጋይ ስታቃና ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ አትብላ፣ ቆዳውን ትጨርሰዋለህ።

ጀማሪው፦ እሺ፣ ቅዳሜ እሞክራለሁ። ሹሉን ከአሮጌ ሞረድ ሠርቼዋለሁ፤ እስካሁን ቀጥ ብሎ ይመታል።