የጋራ ቻናልና ዕቃ ማድረሻ፦ ረቂቁ ከመግባቱ በፊት ሐሳብ ስጡበት (ባሕር ዳር)

ጸሐፊ፦ እኛ የባሕር ዳር ባለሱቆች በአንድ የጋራ የቴሌግራም ቻናል ልንሸጥ ነው፤ መነሻችን ይህ ነው። በዋጋ ከቴሌግራም ነጋዴው ጋር አንፎካከርም፤ እሱ የሱቅ ኪራይ የለበትም፣ እኛ በደረሰኝ ስንሸጥ 15 በመቶ ቫት አለብን። ብልጫችን ዕቃው እዚሁ ከተማ መኖሩ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪመጣ አይጠበቅም፣ ካልሆነም በዕለቱ ይቀየራል። አንድ የጋራ ቻናል፣ በቀን ሁለት ዙር ማድረስ።

ጫማ ሱቅ፦ ጫማ በብዛት የሚመለሰው በቁጥር ነው። «40 አለ» ብሎ መለጠፍ ይቅር። ደንበኛው ማታ፣ እግር ውሎ ካበጠ በኋላ፣ ወረቀት ላይ ቆሞ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ይለካ። የወጣው ሴንቲ ሜትር ላይ 1.5 ደምሮ በ1.5 ማባዛት ነው፤ 25 ሴንቲ ሜትር 39.75 ይመጣል፣ 40 በሉት። ሁለቱ እግሮች ከተለያዩ ትልቁ ይያዝ። የቻይናው ምላሱ ላይ 250 ካለ ለ25 ሴንቲ ሜትር እግር ነው፣ ሌላ ሒሳብ አያስፈልግም።

ኤሌክትሮኒክስ፦ ስልክ ሲሆን ካርቶኑ ደንበኛው ፊት ይከፈት። *#06# ሲደወል የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር ይመሳከር፤ አለዚያ ነገ ሌላ ስልክ ይዞ «የሰጣችሁኝ ይሄን ነው» የሚል አይጠፋም። ክፍያ ላይ ስክሪንሾት አይቆጠርም። ሱቁ የራሱን ቴሌብር ከፍቶ ገንዘቡ መግባቱን ሳያይ ባጃጁ አይነሳ።

ጨርቃ ጨርቅ፦ ወንድሜ፣ ቀሚስ ሳትለካ ቅድሚያ የምትከፍል ሴት የለችም። ልብስና ጫማ ታይቶ ይከፈል፣ ቀብድ ለስልክ ብቻ ይሁን።

የቤት ዕቃ፦ እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ቻናሉ ላይ «አለ» የተባለው ሱቅ ውስጥ ቀድሞ ይሸጣል፣ ደንበኛውም ሁለተኛ አያዘንም። አንድ ብቻ የቀረ ዕቃ አይለጠፍ። ሲያልቅ ፖስቱን አታጥፉት፣ «አልቋል» ብላችሁ አርሙት፤ ካጠፋችሁት ለወዳጁ የላከው ሊንክ ባዶ ይሆናል።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ፣ የቀብዱም እንደተባለው። ማድረሻው ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ይነሳል፤ ትዕዛዝ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል። አንዱ ባጃጅ አባይ ማዶን ብቻ ይያዝ። አዲሱ ድልድይ በ2016 ከተከፈተ ወዲህም ቢሆን ጊዜውን የሚበላው ወዲያና ወዲህ መመላለሱ ነው። የዘጌው በጠዋት ጀልባ ይሂድ፣ ከሰዓት ሐይቁ ይናወጣል፤ ዕቃው ወለል ላይ ስለሚቀመጥ በሁለት ፌስታል ይታሰር።

ጫማ ሱቅ፦ የመመለሻውን ባጃጅ ማን ይክፈል?

ጸሐፊ፦ ስህተቱ የሱቁ ከሆነ ሱቁ፣ ሐሳቡን የቀየረው ደንበኛው ከሆነ ደንበኛው። የሚቃወም እስከ ሐሙስ ይጻፍ።