ካልሲየሙ ነው ወይስ ድፍርሱ? የሊፔዝ ልኬቴ አልጨበጥ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ተቸክያለሁ።

ራምኖሊፒድ (እንደ ሳሙና የሚሠራ ቅባት ነክ ውህድ) ከሚያመርት ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ከተባለ ባክቴሪያ የወጣ ሊፔዝ (ቅባት የሚሰብር ኤንዛይም) ላይ የብረታ ብረት አዮኖችን ተጽዕኖ እየለካሁ ነው። ኤንዛይሙን አላጣራሁትም፤ ሴሎቹን በሴንትሪፊውጅ ለይቼ የቀረውን ፈሳሽ ነው የምጠቀመው። መዳብ ስጨምር ሥራው ይወርዳል፣ ማግኒዚየም ብዙም አይለውጠውም። ጣጣው ካልሲየም ነው። በ1 ሚሊሞላር ከፍ አለ፣ ደስ አለኝ። በ5 ሚሊሞላር ግን ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ በ410 ናኖሜትር የሚመጠውን ብርሃን ሦስቴ ሳነበው ሦስት ዓይነት ቁጥር ይሰጠኛል።

በፈሬ (ፒኤቹን የሚያረጋጋው ፈሳሽ) የፎስፌት ነው። ካልሲየም ከፎስፌት ጋር እንደሚዘቅጥ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው፣ አትሳቁብኝ። ትሪስ ወደሚባለው ሌላ በፈር ልቀይር ብል፣ ትሪስም መዳብን ስለሚይዝ የመዳቡን ውጤት ያበላሽብኛል።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ራምኖሊፒዱ ራሱ ነው። አሉታዊ ቻርጅ ስላለው አዮኖቹን ይይዛል። ታዲያ ኤንዛይሙ ጋ የሚደርሰው ነፃ ካልሲየም ስንት ነው? በዲያሊሲስ (ትናንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ከረጢት) እንዳላስወጣው፣ ሚሴል (የሞለኪውሎች ጥርቅም) ሠርቶ ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል።

ሊፔዙን ሳይጎዳ ራምኖሊፒዱን ያስወገደ ሰው አለ? በየካልሲየሙ መጠን ኤንዛይም የሌለበት ናሙና ለክቼ ብቀንስስ፣ ድፍርሱን ለማረም ይበቃል?