ሚሌኒየም አዳራሽ ውስጥ የዘፋኝ ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማው የት ሲቆሙ ነው?

ፍሬ ከሳሪስ፦
ሰላም ወገኖች። አስቴር አወቀን ሚሌኒየም አዳራሽ መድረክ ላይ ለማየት ከእናቴ ጋር አስበናል። እዚያ ኮንሰርት የገባ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፦ ቤዙ ደረት ይመታል፣ ግጥሙ ግን አይለይም። እኛ ደግሞ የምንሄደው ለድምጿ ነው፤ ዝቅ አድርጋ እንደ ማንሾካሾክ ስትል፣ ከዚያ ስታንቆረቁረው መስማት እንፈልጋለን። የት ብንቆም ይሻላል? እናቴ ስድሳን አልፋለች፣ ጆሮዋንስ ምን ላድርግላት? በስልክ ስንቀርጽስ ድምፁ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው?

የሚክሰሩ ጎን፦
እህቴ፣ ከመድረኩ ሥር ያለውን የመጀመሪያ ረድፍ እርሺው። ትልልቆቹ ሞንታርቦዎች በመድረኩ ግራና ቀኝ ከፍ ብለው ነው የሚሰቀሉት፤ የሚያቀኑትም ፊት በቆመው ሰው ራስ ላይ አልፈው ወደ መሃልና ወደ ኋላ ነው። መድረኩ ሥር የሚደርስሽ ድራሙ፣ የጊታሩ አምፕሊፋየርና መሬት ላይ የተደረደሩት የቤዝ ሳጥኖች ናቸው። የዘፋኟ ድምፅ ከሞንታርቦ ካልመጣልሽ ከየትም አይመጣም። በመድረኩ ጠርዝ ላይ ወደ ሕዝቡ የዞሩ ትንንሽ ስፒከሮች ካየሽ ፊት መቆምም ያስኬዳል። ወደ ዘፋኟ የዞሩት ግን እሷ ራሷን የምትሰማባቸው ሞኒተሮች ናቸው፣ ላንቺ አይጠቅሙም።

እንደገባሽ ሚክሰሩ፣ ማለትም የድምፅ ማስተካከያ መሣሪያው፣ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ፈልጊ። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ቦታ ላይ በሚሰማው ልክ ነው። ከጠረጴዛው ሦስት አራት ሜትር ፊት ለፊት፣ ከአዳራሹ መሃል መስመር አንድ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ብላችሁ ቁሙ። ፈቀቅ በሉ ያልኩሽ የቤዝ ሳጥኖቹ በሁለት ወገን ሲቀመጡ ድምፃቸው ትክክል መሃሉ ላይ ስለሚደራረብ ነው። ግድግዳና ማዕዘን አጠገብም ቤዝ ይከማቻል፣ ራቁ።

አዳራሹ የ2000 ዓ.ም. አዲስ ዓመትን ለመቀበል የተሠራ ሰፊ ቦታ ነው፤ ለሙዚቃ ብቻ ታስቦ እንደሚሠራ ቲያትር ቤት አይደለም። ጠንካራ ግድግዳና ወለል ድምፅ አይውጥም፣ ይመልሳል። ከኋላሽ ያለው ግድግዳ 40 ሜትር ቢርቅ ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ 80 ሜትር ይጓዛል፤ ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የሚመለሰው ሩብ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ነው። ትዝታ ስትዘፍን ይህ ብዙ አይረብሽም፣ በቃላቱ መካከል ጊዜ አለ። ችክችካው ሲጀመር ግን የቀደመው ቃል ገና ሳይጠፋ ቀጣዩ ይደርብበታል። ወደ ኋላ በራቅሽ ቁጥር ከቀጥተኛው ድምፅ ይልቅ ገደል ማሚቶው ይበልጥብሻል። ደግሞ በመክፈቻው ዘፋኝ ጊዜ ድምፁ ቢድበሰበስ ተስፋ አትቁረጪ፤ የሰው አካልና ልብስ ድምፅ ይውጣል፣ አዳራሹ ሲሞላ ይሻሻላል።

ጆሮ ጠባቂ፦
ስለ እናትሽ። በሥራ ቦታ የጆሮ ጥበቃ ስሌት 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው፣ ሞንታርቦ አጠገብ ደግሞ 100 በቀላሉ ይታለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለሙዚቃ ቦታዎች ያወጣው መመዘኛም በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 እንዳይበልጥ ነው።

ጥጥ ወይም ሶፍት መወተፍ አይበቃም፣ የሚቀንሰው በጣም ጥቂት ነው። ስፖንጁን የጆሮ መድፈኛ ግዙ፤ የግንባታ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ጠይቂ። አብዛኛው ሰው ሲያስገባው ይሳሳታል። በንጹሕ ጣት አጥብቆ ማሾር፣ በሌላው እጅ ከራስ በላይ ዞሮ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፣ ማስገባት፣ ከዚያ እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣት መያዝ ነው። ግማሹ ውጭ ከቀረ ሥራውን አይሠራም። እቤት አለማምጃቸው።

አንድ ጉድለት አለው፦ ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ይበልጥ ስለሚያፍን ግጥሙ ይደበዝዛል። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራው ባለ ፊልተሩ ሁሉንም በተቀራራቢ መጠን ነው የሚቀንሰው፤ ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ አስልኩ። እናትሽ ጆሮዬ ጮኸ ካሉ ለጥቂት ጊዜ ወደ መውጫው ይዘሻቸው ውጪ። የጆሮ ጩኸቱ በማግስቱ ካልተወ የጆሮ ሐኪም ይያቸው።

ካሜራ ብቻ፦
ድምፁ የሚሰነጠቀው የስልኩ ማይክ ከአቅሙ በላይ ድምፅ ስለሚገባበት ነው። ከተቀረጸ በኋላ ድምፁን ዝቅ ብታደርጊው አይድንም፣ ጫፉ ተቆርጧል። መድኃኒቱ ከቤዝ ሳጥኖቹ መራቅ ነው። አንዳንድ አንድሮይዶች በፕሮ ቪዲዮ ውስጥ የማይኩን መጠን መቀነሻ አላቸው፣ ካለሽ ዝቅ አድርጊው። የማይኩን ቀዳዳ በጣትሽ አትሸፍኚ።

የዘፋኟ ፊት ነጭ ሆኖ እንዳይጠፋ እስክሪኑ ላይ ፊቷን በጣትሽ ጫን አድርገሽ ያዢና ብርሃኑን ቆልፈሽ ወደ ታች ሳቢው። እስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር ከሄደ የመብራቱ ብልጭታ ነው፤ የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ሞክሪ። የስልክሽ ቦታ እንዳይሞላ፦ አይፎን በ1080 (በሰከንድ 30 ፍሬም) ሲቀርጽ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ፣ በ4ኬ 170 ገደማ ይበላል። ፍላሹን አጥፊ፤ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፣ ከፊትሽ ያለውን ሰው ጀርባ ብቻ ነው የሚያበራው።

ፍሬ ከሳሪስ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቪአይፒ ብንገዛስ? እናቴ ወንበር ታገኛለች።

የሚክሰሩ ጎን፦
ከመክፈልሽ በፊት ቪአይፒው የት እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ መድረኩ ፊት ወይም ጎን ነው፤ ጎን ከሆነ ከአንዱ ሞንታርቦ ሥር ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ወንበሩ ለእናትሽ የግድ ከሆነ ከሞንታርቦው በጣም የራቀውን ጠረጴዛ ምረጡ።

ሸዋ በር፦
በድምፁ እስማማለሁ፣ ግን አስቴርን ያህል ሰው በሩቅ ብቻ አይቶ መመለስ ይቆጫል። ዘፈን ከፊትና ከእጅ ጋር ነው። መጀመሪያ ሚክሰሩ ጋ ሁኑ፤ መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ወደ እስክስታው ሲያደላ ጠርዙ ይለቃልና በጎን በኩል ጠጋ በሉ፣ መድፈኛው ጆሮ ውስጥ ሆኖ።

ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በር የሚከፈትበት ነው፣ ዋናዋ ዘፋኝ የምትወጣው ሰዓታት ቆይቶ ሊሆን ይችላል። እናትሽ እራት በልተው ይምጡ። ሕዝቡ ሲበዛ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ከመግባታችሁ በፊት መገናኛ ቦታ ተነጋገሩ፤ ስልክ እንቢ ሲል አጭር መልእክት ሊያልፍ ይችላል። ታክሲ በሩ ላይ ከመጥራት ከግርግሩ ራቅ ብሎ ዋናው መንገድ ላይ መጥራት ይቀላል፣ ሾፌሩ ያገኛችኋል።