ከቅል የሚያምር የወፍ መመገቢያ እንዴት ልሥራ?

የበረንዳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ እናቴ ግቢ ጠዋት ጠዋት ድንቢጥ፣ ርግብና ቢጫዋ ጎጆ ሠሪ ወፍ ይመጣሉ። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት በረንዳ ላይ ነው የምትውለው። ከፊቷ የሚንጠለጠል ነገር ልሠራላት አስቤያለሁ። ትልቅ የደረቀ ቅል አለኝ። እንዴት ልቁረጠው? ቀለምስ ልቀባው? የጎረቤት ድመትም አሳስባኛለች።

አናጺው፦
ቅል ጥሩ ነው፤ አይከብድም። አንድ ቀዳዳ ብቻ እንዳትከፍቺ፤ ወፍ መሸሻ የሌለው ጨለማ ውስጥ መብላት ትፈራለች። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ክፈቺ፣ ስፋታቸው 7 ሴንቲ ሜትር ያህል። ከመስኮቱ በታች 4 ሴንቲ ሜትር ተዪ፣ እህሉ እንዳይፈስ። ታቹን በምስማር ሦስት አራት ቦታ ብሺና ከውስጥ የወንፊት ሽቦ አንጥፊበት፤ ውሃው ይወርዳል፣ እህሉ ይቀራል። ስትቆርጪ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። አቧራው ክፉ ነው።

ቀለም ወዳዱ፦
ደማቅ የዘይት ቀለም ቀቢው፣ ያምራል።

አናጺው፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እርሳስ ያለበት ቀለም አለ፤ ወፏ ደግሞ ጠርዙን ትነክሳለች። የእናትሽን ነጠላ ጥለት እያየሽ በጋለ ሽቦ ቅሉን ተኩሺው። ከቀለም የበለጠ ያምራል፣ ዝናብም አያጥበውም።

ከሜሪላንድ፦
እህቴ፣ እዚህ ለወፍ ተብሎ የሚሸጠው ጥቁር ዘር የኛው ኑግ ነው! እንዳይበቅል በሙቀት ታክሞ ነው የሚገባው። ትንንሾቹ ወፎች ነፍሳቸው ነው። አንቺ ጋ ኑግ፣ ዳጉሳና ማሽላ ቀላቅዪ። ወጥ የነካው እንጀራ ግን ይቅር፤ ጨው አለው፣ ቶሎም ይሻግታል።

የጓሮ ሰው፦
ድመቷን በቦታ ነው የምትረቻት። ከመሬት 2 ሜትር ከፍ አድርጊው፤ ዘላ ከምትደርስበት ግንብና ቅርንጫፍም 3 ሜትር አርቂው። በረንዳው ላይ መስታወት ካለ ወይ ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት ስቀይው፣ ወይ ከ10 ሜትር በላይ አርቂው። መሃል ላይ ከሆነ ወፎቹ በፍጥነት በረው ይጋጩበታል፤ ብዙ ወፍ የሚሞተው እንዲህ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ እጠቢው፣ በደንብ አለቅልቂው፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ክረምት ላይ የዕለቱን ብቻ ጨምሪ። መሬት የፈሰሰውን ማታ ጥረጊ፤ አይጥ ይጠራል። ላባዋን ነፍታ የምታንቀላፋ ወፍ ካየሽ በሽታ ስለሚተላለፍ መመገቢያውን ለጊዜው አውርጂው።

የበረንዳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! መስታወቱን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ ረጅም ጭራ ያላት፣ መንቁሯ ቀጭንና ቆልማማ የሆነች ወፍም ትመጣለች። ለእሷስ ምን ላድርግላት?

የጓሮ ሰው፦
ጭራው የረዘመው ወንዱ ነው። እህል አይበላም፤ የአበባ ማርና ጥቃቅን ነፍሳት ነው ምግቡ። ለሱ እሬት ትከዪ። ከቅሉ ግን ራቅ ይበል፤ አበባውን የኔ ነው ብሎ ሌሎቹን ያባርራል።